ሁዳዴን ከነጡንቻዬ ተሻገርኩ

ዘንድሮ ደስ ብሎኛል። ፋሲካ አልፎ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ የዘመድ ጥየቃው ሁሉ አልቆ ሚዛን ላይ ስወጣ 68 ኪሎ ነኝ። ሁዳዴ ሲገባም እዚያው አካባቢ ነበርኩ። ከሚዛኑ በላይ ያስደሰተኝ ግን ስኳቱ ነው። ጾሙ ሲገባ 60 ኪሎ ተሸክሜ እቀመጥ እነሳ ነበር፤ ጾሙ ሲፈታም ያው 60 ነው። በፊት በፊት እንዲህ አልነበረም። ኪሎዬ ባይነቃነቅ እንኳ ጉልበቴ ይሸሽ ነበር፤ ፋሲካን ተከትሎ የሚመጣው ረሃብ ደግሞ አይጣል ነው።

አመጣጤን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከ80ዎቹ ነው የወረድኩት። እንጀራውን ቀነስኩ፣ ለስላሳውን ተውኩ፣ ሻዬን ያለ ስኳር ለመድኩ፣ ታክሲ የምይዝበትን መንገድ በእግሬ ሄድኩት። ወረደ። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የምጽፈው ስለ ቀጣዩ ሥራ ነው፤ የወረደውን ኪሎ እዚያው ስለማቆየት። እሱ ማለቂያ የለውም።

አንድ ነገር ላስቀድም። ጂም ውስጥ «ጡንቻ ካበጀሽ ተኝተሽም ካሎሪ ታቃጥያለሽ» ይባላል። ሐሳቡ እውነት ነው፤ መጠኑ ግን በጣም ተጋኗል። አንድ ኪሎ ጡንቻ ሥራ ሳይሠራ በቀን 13 ካሎሪ ገደማ ነው የሚጠቀመው። አንድ ኪሎ ስብ 4 ተኩል ያህል። ስለዚህ ላባችሁን አፍስሳችሁ 2 ኪሎ ጡንቻ ብታወጡ፣ በዕረፍት ጊዜ የምታገኙት በቀን 26 ካሎሪ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ከዚያ ይበልጣል። ተቀምጠን ሳለ ብዙውን ካሎሪ የሚወስዱት ጉበት፣ አንጎል፣ ልብና ኩላሊት ናቸው።

ታዲያ ስለ ጡንቻ ይህን ያህል መጨነቄ ለምንድን ነው? ስለ ረሃብ ብዬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ምግብ አቆያቸው። በፈቃዳቸው የገቡ፣ ጦር ሜዳ መዋጋትን ሕሊናቸው ያልፈቀደላቸው ሰዎች ነበሩ። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። በኋላ እንደ ልባችሁ ብሉ ሲባሉ ስቡ ቶሎ ተመለሰ፤ ጡንቻው ግን ወደ ኋላ ቀረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ መዝገቡን ደግመው ያገላበጡ ተመራማሪዎች ያዩት ነገር ለእኔ ትልቅ ነው። የሰዎቹ ረሃብ ስቡ ስለሞላ አልበረደም። ከስብ ውጭ ያለው አካላቸው ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ ከልክ በላይ ይበሉ ነበር። በዚህ መሃል ስቡ ከበፊቱም አለፈ። እነሱ ሲጀመርም ወፍራም ስላልነበሩ ሁሉ ነገር እንዳለ ለእኔ አይሠራም። ግን ከፋሲካ በኋላ ያ ጥጋብ የማያውቀው ሆዴ ከየት እንደመጣ ያስረዳኝ ይህ ነው። ምግብ ብቻ ቀንሶ፣ ክብደት ሳያነሳ የሚከሳ ሰው ከሚያጣው ኪሎ ሩብ ያህሉ ስብ ያልሆነ አካሉ ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት ኬቨን ሆል የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ መረመሩ። በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው ነበር፤ 41 ኪሎው ተመልሶባቸዋል። በዕረፍት ጊዜ ሰውነታቸው የሚጠቀመው ካሎሪም ከሚጠበቀው በቀን 500 ያህል ያንስ ነበር። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያማ ልፋቱ ለምን?» ሊል ይችላል። የቀረው ሲነበብ ግን ሌላ ነው። ከእነሱ መካከል ኪሎውን ይዘው የቆዩት እንቅስቃሴያቸውን በጣም ከፍ ያደረጉት ናቸው። ለመንቀሳቀስ ደግሞ ጉልበት ያስፈልጋል። ጉልበት የሌለው ሰው ደረጃውን ትቶ ሊፍት ይጠብቃል።

አሁን ወደ ዋናው ችግሬ። ጾም።

ጾም ለእኔ ዳይት አይደለም። ኪሎ ለመቀነስ አልጾምም፤ ጾምን በዚያ ዓይን የሚያዩ ቪዲዮዎችንም አልወዳቸውም። ግን 55 ቀን ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት ሲያልፍ ሰውነት የራሱን ሒሳብ ይሠራል። በዚያ ላይ ነቢያት አለ፣ ሐዋርያት አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ለሆነ ሰው፣ እንቁላልና ዶሮ ላይ የቆመ የፈረንጅ የምግብ ዕቅድ ምን ይረባዋል?

መጀመሪያ የያዝኩት ዘይቱን ነው። ስልክ ላይ ያሉት ካሎሪ መቁጠሪያዎች «ሽሮ» ስትሏቸው የማን ቤት ሽሮ እንደሆነ አያውቁም። ልዩነቱን የሚያመጣው ደግሞ ዘይት ነው። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ነው፤ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ስታርች 4 ነው። እናቴ ምስር ወጥ ልትሠራ ስትል የዘይቱን ጠርሙስ የኩሽና ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ስትጨርስ እንደገና መዘንኩት። 200 ግራም ጎድሏል። 1,800 ካሎሪ ማለት ነው። ለአምስት ሰው ሁለት ጊዜ የሚበላ ድስት ስለሆነ ለአንድ ጭልፋ 180 ካሎሪ ከዘይት ብቻ ይደርሰዋል፤ ምስሩና እንጀራው ገና አልተቆጠሩም። ገበታው ላይ ደግሞ ምስሩ ብቻውን አይቀርብም፤ ክኩ አለ፣ ጎመኑ አለ፣ ድንቹ አለ።

እናቴን ለማሳመን ጊዜ ፈጀብኝ። «ወጥ ዘይት ካልወጣው ምኑን ወጥ ሆነ?» ነው የምትለው። እውነቷን ነው፤ ቁሌቱ ያለ ዘይት በርበሬውን አያበስለውም። የተስማማነው እንዲህ ነው። ሽንኩርቱ ድስቱ ላይ በራሱ ውሃ እስኪሟሽሽ ያለ ዘይት ይማሰላል። ዘይቱ የሚገባው በርበሬው ሊጨመር ሲል ነው። 100 ግራም በቃ። እንግዳ ሲመጣ እንደ ድሮው ትሠራለች፤ እኔም አልናገርም። በቀን አራት ጭልፋ የሚበላ ሰው በዚህ ለውጥ ብቻ 360 ካሎሪ ይቀንሳል፤ አንዲት ጉርሻ ሳይጎድልበት። ካሎሪ ለመቀነስ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም። ሰውን ከገበታ ሳይነጥል የሚሠራ ነው። ለብቻዬ ሳህን ይዤ ጥግ መቀመጥ አልፈልግም።

ዘይቱ ሲስተካከል ፕሮቲኑ ቀረ። እዚህ ላይ ነው ብዙ የደከምኩት።

«ሽሮ ፕሮቲን ነው» ሲባል ያደግን ነን። ዱቄቱ አዎ፤ 100 ግራሙ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ግን ለአምስት ሰው ድስት የሚገባው ዱቄት ሲመዘን 200 ግራም አካባቢ ነው። ለአንድ ሰው 40 ግራም ዱቄት ይደርሳል፤ 8 ግራም ፕሮቲን። የቀረው ውሃና ዘይት ነው። ከአንድ እንቁላል ብዙም አይበልጥም። ሽሮ ቀጥኖ ከተሠራ ደግሞ ከዚህም ይወርዳል። እኔ ሽሮን በጣም እወዳለሁ፤ ግን ለጡንቻ ብዬ አልቆጥረውም።

የጠቀመኝ አዚፋ ነው። ድፍን ምስር በደረቁ 80 ግራም እመዝናለሁ፣ እቀቅላለሁ፣ አቀዘቅዛለሁ፣ በሹካ ጫን ጫን አደርገዋለሁ። ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ በደንብ የሚያስነጥስ ሰናፍጭ። ዘይቱ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ካሎሪው 300 ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሆድ ይይዛል። ማታ ሠርቼ ፍሪጅ አስገባዋለሁ፤ ቀን ጾሙን ስፈታ መጀመሪያ እሱን እበላለሁ፣ ከዚያ ከቤተሰብ ጋር ገበታው ላይ እቀርባለሁ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። አዚፋው ከቀደመ ሁለተኛው እንጀራ ራሱ አያምረኝም።

ከዚያ የአኩሪ አተር ሥጋ የሚባለው አለ። በደረቁ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው። 30 ግራም በሙቅ ውሃ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ ቁሌት ውስጥ ስጨምረው 15 ግራም ይሰጠኛል። ጣዕሙ ሥጋ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አይደለም። ግን ይበላል። ማታ ላይ የሽምብራ ንፍሮ፤ 50 ግራም ደረቅ ሽምብራ 10 ግራም ፕሮቲን ነው። ሌሊቱን ነክራችሁ ውሃውን ድፉት፤ የሆድ መነፋቱ ይቀንሳል። እንጀራውም አይናቅም። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 13 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ጤፉና ጥራጥሬው ደግሞ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ሁሉ ሲደመር በቀን ወደ 80 ግራም እደርሳለሁ። ለእያንዳንዱ የሰውነቴ ኪሎ 1.2 ግራም ገደማ ማለት ነው። ለተራ ሰው የሚመከረው ዝቅተኛ መጠን 0.8 ነው፤ ጡንቻ መጨመር ለሚፈልግ የተሻለው 1.6 አካባቢ ነው። በጾም 1.6 እደርሳለሁ ብዬ ራሴን አላስጨንቅም። በጾም መጨመር አልፈልግም፤ ያለኝን መያዝ ነው የምፈልገው።

ስለ ኦቾሎኒ ደግሞ ግልጽ ልናገር። የፕሮቲን ምግብ አይደለም። ከኦቾሎኒ 25 ግራም ፕሮቲን ለማግኘት 570 ካሎሪ ገደማ ትከፍላላችሁ፤ ከምስር ግን 350 አካባቢ ይበቃችኋል። በጾም ኪሎ የሚጨምሩ ጓደኞቼ ሁሉ ቦርሳቸው ውስጥ ኦቾሎኒ አለ።

ሥልጠናውን በሚመለከት አንድ ጥናት ብዙ ጭንቀት ቀንሶልኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ነው። ሰዎች ለ16 ሳምንት በደንብ ሠሩ፤ ከዚያ ለ32 ሳምንት ሥራቸው ተቀነሰ። ወጣቶቹ የበፊቱን አንድ ዘጠነኛ ብቻ እየሠሩ የጡንቻቸውን መጠን ይዘው ቆዩ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑት ከዚያ የበለጠ ሥራ ያስፈልጋቸው ነበር። ስለዚህ በጾም ዙሩን እቀንሳለሁ፤ የማነሳውን ክብደት ግን አልነካውም። ስኳት፣ ዴድሊፍት (ክብደቱን ከመሬት ብድግ ማድረግ)፣ አንድ የሚገፋ፣ አንድ የሚጎተት፤ ሁለት ሁለት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማታ ከበላሁ በኋላ። አበቃ። በጾም ባዶ ሆድ ትሬድሚል ላይ አንድ ሰዓት የሚሮጡ ልጆችን ሳይ ያሳዝኑኛል፤ ሚዛኑ ይወርድላቸዋል፣ የወረደው ምን እንደሆነ ግን አይጠይቁም። በሰሙነ ሕማማት ጂም አልገባም። ስግደቱ ይበቃል፤ በአንድ ሳምንት የሚጠፋ ጡንቻም የለም።

ሴቶች «ወንድ እንዳልመስል» እያላችሁ ሁለት ኪሎ ዳምቤል ይዛችሁ የምትቆዩትን እባካችሁ ተዉት። ሰውነት እንዲህ በቀላሉ አያብጥም። እኔ 60 ኪሎ ተሸክሜ እንኳ ሠፈር ውስጥ የሚገጥመኝ «ምነው ከሳሽ? አሞሻል እንዴ?» ነው።

«ሠላሳ ካለፈ ሰውነት አይታዘዝም» የሚለውንም አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳይንስ መጽሔት ላይ ከ6,400 በላይ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ወጥቶ ነበር። የሰውነት መጠንና ጡንቻ ከግምት ከገባ፣ ከ20 እስከ 60 ዓመት የምንጠቀመው ካሎሪ አይወርድም። የሚለወጠው ኑሯችን ነው፤ መኪናው፣ ወንበሩ፣ ግብዣው።

አሁን በዓለ ሃምሳ ላይ ነን። ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ለጡንቻ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም፤ ለኪሎም ከዚህ የሚያሰጋ የለም። የፋሲካ ማግስት ሚዛን ላይ ወጥታችሁ ሁለት ኪሎ ጨምራችሁ ብታዩ አትደንግጡ። አንድ ኪሎ ስብ ለመጨመር 7,700 ካሎሪ ገደማ ትርፍ ያስፈልጋል፤ በአንድ ቀን ዶሮ አይሞላም። አብዛኛው ጨውና ውሃ ነው። እኔ የማየው የሳምንቱን አማካይ ነው። እሱ 70ን ካለፈ ያን ጊዜ ዘይቱን እንደገና እመዝናለሁ።

ያልተፈታልኝ ነገር አለ። ከቤት ውጭ መብላት። የጾም በያይነቱ ስታዝዙ ስንት ዘይት እንደገባበት የሚነግራችሁ የለም። ሥራ ቦታ በሳምንት አንድ ሁለቴ ከባልደረቦቼ ጋር እበላለሁ፤ እሱን አልቆጥረውም፣ ለመቁጠርም አልሞክርም። የእኅቴን ጉርሻም አልመልስም።

ለሐዋርያት ጾም እልበት ልሞክር ነው። የባቄላ ዱቄት ፕሮቲኑ ከሽምብራ ይበልጣል፤ ዘይት ሳይበዛበትም ያምራል። ግን ዱቄትና ውሃው በዓይን ግምት ስለሚሠራ አንዴ ይቀጥንብኛል፣ አንዴ ይጓጉላል። አሳምራችሁ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ወይም እናቶቻችሁ ሲሠሩ መዝናችሁ ማየት የምትችሉ፣ መጠኑን በግራም ጻፉልኝ።