ቁልፉ የት ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ አደጋ ሲባል የአብዛኞቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጎርፍ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው ከነቤቱ ጠርጎ ከወሰደ ወዲህ፣ ሰማዩ በደንገጎ በኩል ሲጠቁር ጆሯችን ወደ ወንዙ ያዘነብላል። ለእሳት ግን እንዲህ ያለ ጆሮ አላበጀንም፤ እኔም ብሆን ባለፈው ግንቦት በቤቴ ከደረሰው ነገር በፊት አልነበረኝም።

ያን ዕለት ከምሽቱ ጀምሮ ሄዶ የቆየው መብራት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም ድንገት ተመለሰ። ከፍሪጁ ጀርባ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑንና ሁለት ቬንትሌተር ለብቻው ተሸክሞ የኖረው ዲቫይደር ቀልጦ መጋረጃውን ለኮሰው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቀስቅሶኝ ስወጣ ጭሱ ከኮርኒሱ እስከ ደረቴ ወርዶ ነበር። ቆጣሪው ሥር ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ አውርጄ መጋረጃውን በብርድ ልብስ አፍኜ እስካጠፋ ድረስ፣ ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ በሩ ላይ ቆማ «ቁልፉ የት ነው?» እያለች ትጮኽ ነበር። ቁልፉ እንደ ወትሮው አማቴ ትራስ ሥር ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል። እሳቱ ፈጥኖ ጠፋ፣ ማንም አልተጎዳም። እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ቁልፉ ሲፈለግ ያለፈው ጊዜ ነው።

በማግስቱ ቤቱን ዞሬ ሳየው፣ ከዳር እስከ ዳር ለሌባ ተብሎ የተሠራ መሆኑን አስተዋልሁ። በየመስኮቱ ብረት ተበይዷል፣ በሩ ሁለት መቀርቀሪያና አንድ ጓጉንቸር አለው፤ ሌባ እንዳይገባ የታጠረው ሁሉ እኛም እንዳንወጣ የሚያደርግ ነው። ስለዚህ ዝግጅታችን ከማጥፊያ መሣሪያ ሳይሆን ከመውጫው ጀመረ። ቁልፉ ከበሩ አጠገብ፣ ከመስኮት እጅ ተዘርግቶ በማይደረስበት፣ ትንሿ ልጃችን ግን ልትደርስበት በምትችል ምስማር ላይ ተሰቀለ። የልጆቹ ክፍል መስኮት ብረት ደግሞ ተቆርጦ ማጠፊያ ገባለትና ከውስጥ ያለ ቁልፍ በሚከፈት ሸርተቴ እንዲያዝ ሆነ። በያጁ፣ ሰው ብረት ሊያስበይድ እንጂ ሊያስከፍት ሲመጣ አላየሁም ብሎ ሳቀብኝ።

ከዚያም አንድ ሌሊት መብራት አጥፍተን ልምምድ አደረግን። መሰብሰቢያችን ከግቢው ውጭ ያለው የኒም ዛፍ ሥር ነው፤ እዚያ ቆመን እንቆጠራለን፣ ለዕቃም ሆነ ለስልክ ማንም ተመልሶ አይገባም። በመጀመሪያው ዙር ትንሿን ልጅ አጣናት፤ ለካ አልጋ ሥር ተደብቃለች። ልጆች እሳትን እንደ ጅብ ያዩታል፣ ከተሸሸጉ የሚያልፋቸው ይመስላቸዋል። በጭስ ውስጥ በእጅና በጉልበት መዳህ የሚያስፈልገው ትኩሱ ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣና የሚተነፈስ አየር ወለሉ አጠገብ ስለሚቆይ መሆኑን፣ ሲወጡም በርን ከኋላ መዝጋት እሳቱን እንደሚያዘገየው ደጋግመን አስረዳናት። አሁን ከሁላችንም ቀድማ ዛፉ ሥር የምትገኘው እሷ ናት።

የመብራቱን ነገር ያየልን ባለሙያ ከዲቫይደሩ ይልቅ በምጣዱ ደነገጠ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ስለሚወስድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ እኛ የሰካንበት ማራዘሚያ ጀርባ ላይ የተጻፈው ግን 10 አምፔር ነበር። እንጀራ ጋግረን ስንጨርስ ሶኬቱ የሚግለውና ጠርዙ የጠቆረው ለዚህ ነው። ለምጣዱ ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ተዘረጋለት። የማዳበሪያ ኮርኒስ ያለው ቤት የሚኖር ሰው ከኮርኒሱ በላይ የሚያልፈውን ሽቦ እንዲያስፈትሽ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ማዳበሪያ አንዴ ከተያያዘ እየቀለጠ በሰው ላይ ይንጠባጠባል።

በማእድ ቤት ያለው ፈተና ዘይት ነው። የተቀጣጠለ ዘይት ላይ ውሃ ሲደፋ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የሚነደውን ዘይት ወደ ላይ ይረጨዋል፤ ስለዚህ ምድጃውን አጥፍቶ ድስቱን መክደንና እስኪቀዘቅዝ አለመንካት ይሻላል። ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ ቱቦው የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አይደለም። ቡና ሲፈላ ከሰሉና የዕጣኑ ማጨሻ ከስፖንጅ ፍራሽና ከፕላስቲክ ቄጤማ ይራቁ፤ ያልጠፋ ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ መተኛት ደግሞ ሽታ በሌለው መርዛማ ጋዝ ምክንያት ያለ ነበልባልም ይገድላል።

ባለ 6 ኪሎ የዱቄት ማጥፊያ ገዝተን ከምድጃው አጠገብ ሳይሆን ከበሩ አጠገብ ሰቀልነው። ከሃያ ሰከንድ ያህል በላይ ስለማይረጭ ነበልባሉን ሳይሆን ሥሩን ማነጣጠር እንደሚገባ ለሁሉም አሳየሁ። አጠገቡ አንድ ባልዲ የደቻቱ አሸዋ አለ፤ ውሃ በጠፋበት ቀን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለተቃጠለ ቆዳም የጥርስ ሳሙናና ቅቤ ቀርቶ ለሃያ ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቧንቧው ከደረቀም ከጀሪካን ቀስ እያሉ ማፍሰስ ነው።

አማቴ በምስማሩ ነገር እስካሁን አልተስማሙም፤ «ቁልፍን ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ቤት አይቼ አላውቅም» ይላሉ። ሆኖም ማታ ማታ ከመተኛታቸው በፊት በጨለማ ወደ በሩ ሄደው ቁልፉ በቦታው መኖሩን በእጃቸው ዳሰው ይመለሳሉ።