«ለሚችለው ጻፊልኝ»

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ አንዲት እናት ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ወደምሠራባት ክፍል ገቡ። ወረቀቶቻቸውን በመሐረብ ቋጥረው፣ መሐረቡን ደግሞ በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ቋጠሮው አልፈታ ሲላቸው በጥርሳቸው ፈቱትና አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉልኝ። መሸኛ፣ የመሸኛ ኮፒ፣ የኮፒው ኮፒ። አንዱ ላይ ክብ ማኅተም አለ፣ ፊርማ የለም፤ ሌላው ላይ ፊርማ አለ፣ ቲተር የለም። እንደ ልማዴ ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ።

«እማማ፣ ለማን ይድረስ ልበል?»

ብዙ ቢሮ ተመላልሰዋል። አንደኛው ወደ ሁለተኛው ልኳቸዋል፣ ሁለተኛው ወደ አንደኛው መልሷቸዋል። ትንሽ አሰቡና «ለሚችለው ጻፊልኝ ልጄ» አሉኝ።

ራፖር ጸሐፊ ከሆንኩ 19 ዓመት አልፎኛል። በጽሕፈት መኪና ነው የጀመርኩት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለማን ይድረስ ስላቸው ሰዎች የሚነግሩኝ የመሥሪያ ቤት ስም ነው። የእማማ መልስ ግን እጄን ከኮምፒውተሩ ላይ አስነሣኝ። እውነታቸውን እኮ ነው። ድሮ የተበደለ ሰው ንጉሡ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቆሞ «አቤት! አቤት!» ይል ነበር። ዳዊትም ስንደግም «አቤቱ፣ ጸሎቴን ስማ» እንላለን። ለጆሮዬ ሁለቱም አንድ ጩኸት ናቸው፤ የሚችለውን ፍለጋ።

በዚያ ሰሞን ማታ ማታ የማርቆስን ወንጌል አነብ ነበር። ገና ምዕራፍ 1 ላይ፣ ጌታ በቅፍርናሆም ምኩራብ ሲያስተምር ሕዝቡ ለምን እንደተገረመ ይናገራል፦ «እንደ ባለ ሥልጣን ያስተምራቸው ነበር እንጂ እንደ ጻፎች አይደለም»። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የዚያን ዕለት ማታ ግን «ጻፎች» የሚለው ቃል በስሜ የጠራኝ መሰለኝ።

የጻፊን ሥራ አውቀዋለሁ። ጉልበቱ የራሱ አይደለም። እኔ የምጽፈው ወረቀት የሚቆመው «በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር ይህን ያህል መሠረት»፣ «በዚህ ቀን በተጻፈ ደብዳቤ እንደተገለጸው» በሚለው ላይ ነው። ቁጥሩን ካወጣችሁት የሚቀረው ልመና ብቻ ነው። የአይሁድ ጻፎችም ሙሴንና የቀደሙትን መምህራን እየጠቀሱ ያስተምሩ ነበር፤ ነውር የለበትም፣ ሥራቸው ነው። ነቢያቱ እንኳ፣ እነ ኢሳይያስ፣ እነ ኤርምያስ፣ «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» ይላሉ። መልእክተኞች ናቸውና ላኪያቸውን ይናገራሉ።

ክርስቶስ ግን በማቴዎስ ምዕራፍ 5 «ለቀደሙት እንደ ተባለ ሰምታችኋል» ይልና «እኔ ግን እላችኋለሁ» ብሎ ይቀጥላል። ስድስት ጊዜ። የሚጠቅሰው አንቀጽ የለም። በሲና ተራራ ከተሰጠው ሕግ ጎን «እኔ» ብሎ የሚቆም ማን ነው? ያንን ሕግ የሰጠው ራሱ ካልሆነ በቀር ይህ አነጋገር ድፍረት ነው። የካህናት አለቆች ይህ ገብቷቸዋል። ቤተ መቅደስ ውስጥ ከበውት «በምን ሥልጣን እነዚህን ታደርጋለህ? ይህንስ ሥልጣን ማን ሰጠህ?» ማለታቸው በእኛ ቋንቋ ውክልናህን አሳየን ነው።

ከሁሉ በላይ ነገሩን የተረዳው አንድ የሮማ መቶ አለቃ ነው። ብላቴናው ታሞበት ነበር። ጌታ «መጥቼ እፈውሰዋለሁ» ሲለው «ከቤቴ ጣራ በታች ልትገባ አይገባኝም፤ ነገር ግን ቃል ብቻ ተናገር» አለ። ከዚያ ያቀረበው ምክንያት ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። እኔ ሥልጣን አለኝ ብሎ አልጀመረም፤ እኔም ለሌሎች ተገዥ ነኝ አለ። ወታደሩን ሂድ ሲለው የሚሄደው ከመቶ አለቃው ጀርባ ሮም ስላለች ነው። እናም ይህ ሰው ቅፍርናሆም ውስጥ ቆሞ የኢየሱስን ቃል ሲያይ ከጀርባው ማን እንዳለ አየ፤ ደዌውም ሂድ ሲባል እንደ ወታደር ይሄዳል ብሎ አመነ። ዛሬም በቅዳሴ፣ ከመቁረባችን በፊት በሚጸለየው ጸሎት፣ የዚያ አሕዛብ ወታደር ቃል አለ፦ ከቤቴ ጣራ በታች ትገባ ዘንድ አይገባኝም።

ጲላጦስም ስለ ሥልጣን ተናግሯል፤ ልሰቅልህም ልፈታህም ሥልጣን አለኝ ብሎ። የተሰጠው መልስ አጭር ነው፦ ከላይ ባይሰጥህ በእኔ ላይ ምንም ሥልጣን ባልኖረህ። ሮሜ 13ን ለብቻው ቆርጠው ለባለሥልጣን ተገዙ ብቻ የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ይህ መልስ እኮ ለባለሥልጣኑ ራሱ የተነገረ ነው፤ የያዝከው የተሰጠህን ነው ይለዋል።

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት አራዳ ጊዮርጊስ ሄድኩ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔ በሄድኩበት ቀን ግን ካህናቱ እግር ያጥቡ ነበር። ከተቀመጡት መካከል ሰው ሲገፋው የገባ የሚመስል አንድ ሊስትሮ ልጅ አለ፤ የጥፍሮቹ ሥር በጫማ ቀለም ጠቁሯል። ያረጁ ካህን ተንበርክከው እግሩን ሊይዙ ሲሉ ወደ ኋላ ሳበው። ቀኑን ሙሉ የሰው እግር ሥር የሚያጎነብሰው እሱ ነው፤ እሱ እግር ሥር የሚያጎነብስለት ሰው አይቶ አያውቅ ይሆናል። ካህኑ ምንም አላሉም። እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁት። ቀስ ብሎ ሰጣቸው፤ በወይራና በወይን ቅጠል ውኃውን እየነከሩ አጠቡለት። በጸሎተ ሃይማኖት «አኃዜ ኵሉ»፣ ሁሉን የያዘ እንላለን። ዮሐንስም ጌታ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የተነሣው አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው አውቆ ነው ይላል። ሁሉ የተሰጠው እጅ መጀመሪያ የያዘው የዓሣ አጥማጆችን እግር ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከስድስቱ «እኔ ግን እላችኋለሁ» የመጀመሪያው በወንድም ላይ ስለመቆጣት ነው። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ፤ ከባላጋራህም ጋር ገና በመንገድ ሳለህ ተስማማ፣ ለዳኛ እንዳይሰጥህ። እኔና ታናሽ ወንድሜ በእናታችን ቤት ውርስ ተካሰናል። የክስ ማመልከቻውን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ከጻፍኳቸው ሁሉ እንደሱ የተዋጣ የለም፤ አንድም የላላ ዐረፍተ ነገር የለበትም። ረታሁ። ፋይሉ ከተዘጋ 4 ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

ማዕበሉን ገሥጾ ጸጥ ማሰኘቱን አምናለሁ፤ አልዓዛርን ከመቃብር መጥራቱን አምናለሁ። እነዚህን ማመን አልከበደኝም። ያው ድምፅ እኔን ታረቂ ሲለኝ ግን አራት ዓመት ሙሉ ተከራከርኩት። ለንስሐ አባቴም የነገርኳቸው በማስረጃ ነበር፤ ማን ምን እንዳለ፣ በየትኛው ቀን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ይህን ቃል የተናገረው ሰው ቢሆን ይግባኝ ትጠይቂበት ነበር ልጄ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ሲያሰናብቱኝ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ። የማሰርና የመፍታት ሥልጣን የተሰጣቸው አባት እንኳ እኔ ፈታሁሽ አይሉም።

የእማማን አቤቱታ በመጨረሻ ለአንዱ ቢሮ ጻፍኩላቸው። ከፋሲካ በፊት አንድ ጊዜ ተመልሰው መጥተው ነበር፤ ገና መልስ አላገኙም። ወረቀቱን ስመው ነው ወደ መሐረቡ የመለሱት።

ያን ሐሙስ ከጊዮርጊስ ግቢ ወጥቼ፣ ምኒልክ ሐውልት አጠገብ ቆሜ፣ ቁጥሩን ፈለግሁ። አላጠፋሁትም ነበር። ስልኩ ረጅም ጊዜ ጠራ፤ ሲነሣም ማንም አልተናገረም። የልጅነት ስሙን፣ እናታችን የምትጠራውን፣ ጠራሁት። ዝም አለ። ልዘጋው ስል፣ ድሮ ከጓሮ ስጠራው እንደሚለው፣ «አቤት» አለኝ።