ጅቡን ዘጠኝ ሰዓት ማምጣት አይቻልም?

ድሬ ላይ አንድ ቱር ቢሮ ውስጥ ኮርዲኔተር ነኝ። ሥራዬ ባብዛኛው አዲስ አበባ ቁጭ ተብሎ የተሠራን ፕሮግራም ድሬና ሐረር ላይ በእግሩ ማስኬድ ነው። ይሄኛው የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ጉብኝት ነበር፣ ሃያ ምናምን ሰው፣ ፕሮግራሙን ያወጣው ሌላ ኤጀንት ነው፣ ማታ በቴሌግራም ላከልኝ፣ ከፍቼ ሳየው ቀኑ ዓርብ፣ «ከ6 እስከ 7 ሰዓት ጁጎል፣ 12 ሰዓት ድሬ እራት»።

አንድ ሰዓት እኮ ነው የሚለው! ልጁ ማፕ ላይ አይቶ ነው፣ እውነትም ጁጎል፣ ማለት ግንቡ ውስጥ ያለችው አሮጌዋ ሐረር፣ 48 ሄክታር ገደማ ናት፣ ትንሽ ናት። ግን እዛች ትንሽ ቦታ ውስጥ 82 መስጊድ አለ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ቅርስ አድርጎ ሲመዘግባት አንዱ የጠቀሰው ይሄንን ነው። ዓርብ ስድስት ሰዓት ማለት ደግሞ ሱቁም ባለሱቁም ጁምዓ ላይ ነው፣ የምታየው የተዘጋ በር ብቻ ነው። ደወልኩለት።

«ወንድሜ ዓርብ ቀን እኮ ነው፣ ደሞ ማታ ጅብ ማብላቱስ የት ገባ?»

«ጅቡን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማምጣት አይቻልም?»

ወላሂ እንደዛ ነው ያለኝ። ጅብ እኮ ሲመሽ ነው ከግንቡ ውጭ የሚመጣው፣ ስልክ የለው ምን የለው። እራቱ ቡክ ተደርጓል ምንም አይነካም አለኝና ዘጋው።

በነጋታው ድሬን በጠዋት ጨረስን፣ እሱ ላይ ችግር የለም፣ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ በኋላ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች ከዚራ ሰፈር መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፣ ዛፉም ጥላ አለው፣ ፀሐዩ ሳይበረታ እየተዝናናህ ታየዋለህ። ከዛ ወደ ሐረር። ሃምሳ ምናምን ኪሎሜትር ነው ብሎ ከአንድ ሰዓት በታች ነው የያዘልን፣ ደንገጎ ዳገት ላይ ሁለት ሰው አስመለሰው፣ አወዳይ ላይ የጫት መኪና መንገዱን ዘጋው፣ በቃ ስንደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል፣ ያልኩት ሆነ።

ሹፌራችን የሐረር ልጅ ነው፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ኮስተሩን አቁሞ ሰዉን አየና «አቦ አሁን አታስገባቸው፣ መጀመሪያ ይብሉ፣ ስምንት ተኩል ላይ ከዚህ ወደ ታች በእግር ይዘሃቸው ውረድ፣ እኔ በውጭ ዞሬ ታች ግንቡ በር፣ ኤረር በር እጠብቃችኋለሁ» አለኝ። ሐረርን የማያውቅ ሰው ይሄ ቀላል ነገር ይመስለዋል። ጁጎል እኮ ቁልቁለት ናት፣ መኪናውን ያቆምክበት ተመልሰህ እወጣለሁ ካልክ ያ ሁሉ ድንጋይ መንገድ ዳገት ይሆንብሃል፣ አብረውን ደግሞ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ የሒሳብ ክፍል ሴትዮ ነበሩ፣ ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

ከምሳ በኋላ ስንገባ ከተማው ሌላ ነው፣ ሁሉም ተከፍቷል። ራስ ተፈሪ ቤት ሙዚየሙን አየን፣ ራምቦ ቤት ገባን (ፈረንሳዊው ገጣሚ ሐረር መኖሩ እርግጥ ነው፣ ይሄን ቤት ግን ህንዳዊ ነጋዴ ነው የሠራው፣ አስጎብኚ ሁሉ እዚህ ነበር የሚተኛው ሲል እኔ ዝም ነው የምለው)። መኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ ስንደርስ እትዬ ጠፉ። ዞር ስል አንድ ልብስ ሰፊ ጋ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ የገዙትን ጨርቅ ሰውየው ሲንጀሩ ላይ ዘርግቶ ጠርዙን እያጠፈ ይሰፋል፣ እሳቸው «እዚህ ጋ ትንሽ ጠበብ አድርገው የኔ ልጅ» እያሉ ያሠሩታል። ማን ደፍሮ ያስነሳቸዋል? እኔ ፕሮግራም ሳወጣ መኪና ግርግር ላይ ግማሽ ሰዓት ባዶ ነው የምተወው፣ ምንም አልጽፍበትም።

ጌይ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት ማለት ነው) ስንገባ ደግሞ ጫማ። የሐረሪ ቤት ጫማህን አውልቀህ ነው የሚገባው፣ ሃያ ምናምን ሰው በር ላይ ተደርድሮ የስኒከር ክር ሲፈታ አስቡት፣ ስንወጣ ደግሞ ማሰሩ። ውስጥ ግን አልተቻኮሉም፣ ነደባው፣ ደረጃ ደረጃ ያለው መደቡ ላይ ተቀመጡ፣ ባለቤትየዋ ማን የቱ ላይ እንደሚቀመጥ፣ የወለሉ ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ጦርነት ላይ ለሞቱት መታሰቢያ ነው እንደሚባል ስታስረዳቸው ያ ሲያወራ የዋለ ልጅ ሁሉ ጸጥ አለ።

ኤረር በር ስንወጣ አስራ አንድ ተኩል ሆኗል፣ ኮስተሩ ቆሟል። በፕሮግራሙ ከሆነ ያኔ ድሬ ልንደርስ ነው። እትዬ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው «እኔ ልጄ ጅብ ሳላይ ንቅንቅ አልልም» አሉ፣ አለቃቸውም የሳቸውን ፊት አይቶ እሺ አለ። እኔም ከዛ ወዲህ የሐረርን ቀን የማወጣው ከጅቡ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ነው፣ ሌላው ሁሉ ይገፋል ይሳባል፣ እሱ ብቻ ሰዓቱን አይቀይርልህም።

ጅቡ መጣ፣ እትዬ ሥጋውን በእንጨት ይዘው አበሉ፣ ቪዲዮው አሁንም መሥሪያ ቤታቸው ግሩፕ ላይ ይዞራል። ድሬ ስንገባ ሦስት ሰዓት አልፎ ሬስቶራንቱ እራቱን አንስቶት ነበር፣ ሒሳቡን ማን ይክፈል የሚለው ግን እስካሁን በኢሜይል እየተመላለሰ ነው።