የጎማ ዘመንን ልብ ወለድ በሁለት እርሳስ ማንበብ

በጎማ ዘመን ላይ፣ ማለትም የአማዞን ደን የዛፍ ጎማ በዓለም ገበያ እጅግ በተፈለገበት ጊዜ ላይ፣ የተጻፉ ልብ ወለዶችን ሳነብ አንድ ነገር ያንገበግበኝ ነበር። ጥቁሩ ሠራተኛ ሐዲድ ሲያነጥፍ፣ በወባ ሲወድቅ፣ ሲደባደብ አየዋለሁ። ሲናገር ግን እምብዛም አልሰማውም። ስለዚህ ሁለት እርሳስ ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። እሱ ራሱ ሲናገር በቀይ፣ ሌላው ስለ እሱ ሲያወራ በሰማያዊ አሰምራለሁ።

የጀመርኩት በብራዚላዊው ማርሲዮ ሶውዛ «ማድ ማሪያ» ነው (1980፤ ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ። ታሪኩ በብራዚል አማዞን ውስጥ ያለው የማዴራ-ማሞሬ ባቡር ነው። የቦሊቪያ ጎማ በማዴራና በማሞሬ ወንዞች ላይ ያሉትን ፏፏቴዎች ዞሮ እንዲወጣ ከ1907 እስከ 1912 የተዘረጋ፣ 366 ኪሎ ሜትር ሐዲድ። ከባርቤዶስና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች የሄዱ ጥቁሮች ደክመውበታል፣ ሞተውበታል። ሶውዛ ግፉን አይሸፋፍንም፤ ይህን እወድለታለሁ። ግን ብዙውን የምናየው በሐኪሙ፣ በመሐንዲሱና በያኔዋ ዋና ከተማ በሪዮ ባለሥልጣናት በኩል ነው። መጽሐፌ ሰማያዊ በሰማያዊ ሆነ።

ቀዩን ያገኘሁት በ1912 በታተመ የእንግሊዝ መንግሥት ሰነድ ውስጥ ነው። የፔሩው ነጋዴ የአራና የጎማ ድርጅት ከ1904 ጀምሮ ወደ 200 የሚጠጉ ባርቤዶሳውያንን ለጉልበት ሥራ ብሎ ፔሩና ኮሎምቢያ ወደሚዋሰኑበት ወደ ፑቱማዮ ወንዝ አካባቢ ወሰደ። እዚያ ሲደርሱ ጠመንጃ ተሰጣቸው፤ ሥራቸውም ነባሩን ሕዝብ አስገድዶ ጎማ ማስለቀም ሆነ። ከድርጅቱ ሱቅ በውድ ዋጋ እየገዙ በዕዳ ተያዙ። በ1910 የእንግሊዝ ቆንስል ሮጀር ኬዝመንት ሄዶ ቃላቸውን ተቀበለ።

ከእነሱ አንዱ ጆሹዋ ዳያል ነው። የድርጅቱ ሰዎች ሊቀጡት እግሩን በሁለት ግንዶች መካከል ባለ ቀዳዳ አስገብተው ሲቆልፉበት ቀዳዳው ጠበበው። የላይኛው ግንድ እንዲገጥም ሰዎች ተቀመጡበት። ጠባሳው ከዓመታት በኋላም አልጠፋም። ይኸው ሰው ታዝዤ ነባር ተወላጆችን ገድያለሁ ብሎም ተናግሯል። ይህን ገጽ ሳነብ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ተበዳይም በዳይም ነው፤ አንዱን አንስተህ ሌላውን መተው አትችልም። እንዲህ ያለ ሰው በልብ ወለድ ውስጥ እንደ ዋና ሰው ቆሞ ባየው ምንኛ ደስ ይለኝ!

እንዲህ ማንበብ ለሚፈልግ የምመክረው ከምስክርነቱ እንዲጀምር ነው። ያኔ ልብ ወለዱ የት ላይ ዝም እንዳለ ቶሎ ይታያል። ምስክርነቱም ቢሆን ንጹሕ ቀይ አይደለም። ጠያቂው ኬዝመንት ነው፣ ቃሉን ጽፎ ያስተላለፈውም እሱ ነው።

ሐዲዱ በሚነሳባት በብራዚሏ ከተማ በፖርቶ ቬልዮ የእነዚያ የባቡር ሠራተኞች ልጅ ልጆች ዛሬም አሉ። ፖርቱጋልኛ መማር የጀመርኩት እነሱ ራሳቸው የሚሉትን ለማንበብ ነው።