እሺ ባልል ኖሮ

ዛሬ ግማሽ ቀን ፒያሳ፣ ሞባይል ጥገና ቤት ተጎልቼ ዋልኩ። ትናንት ማታ ስልኬ «አፕዴት ላድርግ?» አለኝ፤ እሺ አልኩት። የገዛሁትን ጥቅል ግጥም አድርጎ ጠጣና አርማው ላይ ቀረ። ይበራል፣ ይጠፋል።

ጠጋኙ ልጅ የተሰነጠቀውን መስታወት በጥፍሩ እየነካካ «ጋሼ፣ ይሄኮ አርጅቷል» አለኝ። ገና በአራት ዓመቱ! የአባቴ ሬዲዮ ስንት ዘመን ኖረ፣ ያውም አፕዴት ሳይለምን።

አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖችን በአፕዴት እንደሚያዘገይ አምኗል። በ2020 ፈረንሳይ «ለደንበኛ አልነገርክም» ብላ 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣችው። እኛም አዋጅ 813/2006 አለን፤ ሸማች ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ግን ለየትኛው መስኮት ነው የምናመለክተው?

ስልኩ ተነሳ። ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ የተነሳናቸው ፎቶዎች ግን የሉም። እህቴን ካሉሽ ላኪልኝ ብያታለሁ።