ለመድኃኔዓለም አጥቢያ

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ምስክርነት ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት እሱ ያውቃል።

2013 ዓ.ም. ነው፣ ሁዳዴ ጾም። ኮሮና አገራችን ከገባ ዓመት አልፎታል። ደብረ ማርቆስ ላይ ገበያውም ለቅሶውም እንደ ድሮው ሆኗል፤ ሰዉ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዷል። አምና ፋሲካን በር ዘግተን፣ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እያየን እንዳላለቀስን፣ እኛም ፍርሃቱ ወጥቶልን ነበር።

ከዚያ አባቴን ሳል ያዘው። ሁለት ቀን ዳማከሴ አጠጣነው፣ ባሕር ዛፍ አጠንነው። በሦስተኛው ቀን ከአልጋው እስከ በሩ መራመድ አቃተው።

ሆስፒታል ስንደርስ ጣቱ ላይ ያደረጉለት፣ የደሙን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ 74 አለ። ከ90 በላይ መሆን ነበረበት። ኦክስጅን አደረጉለት፣ ትንሽ ተሻለው።

መጋቢት 26 ለ27 አጥቢያ፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሲሊንደሩ ማለቅ ጀመረ። አናቱ ላይ ሰዓት የምትመስል ጌጅ አለች። ቀስቷ ወደ ቀዩ ስትወርድ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ትርፍ የለም፤ የሚሞላው መኪና የሚደርሰው ጠዋት ነው። አባቴ እጄን ይዞ ትንፋሹን ይቆጥራል። ምንም አይናገርም።

ኮሪደር ወጣሁ። ጸለይኩ ብል ውሸት ነው፤ ተጣላሁት። «ዓመት ሙሉ እግዚኦ ስንል የት ነበርክ? ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ደጅህን የሳመ ነው። ዛሬ ከወሰድከው ደጅህን አልረግጥም» አልኩት። ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ከአፌ የወጣው የዳዊት ቃል ነው፦ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ሌላው አልመጣልኝም። እሱኑ ደጋገምኩት።

አጠገባችን ከቢቸና በኩል የመጡ አዛውንት ተኝተው ነበር። 10 ሰዓት ሲሆን አረፉ። ልጃቸው፣ ጋቢ የለበሰ ገበሬ፣ ዓይናቸውን በመዳፉ ከደነ። አልጮኸም። ወደ እኔ ዞሮ፣ «እታለም፣ የኔው ደክመው አረፉ። ይቺ ሳታልቅ ለአባትሽ አድርጉላቸው» አለኝ።

እሱና ነርሷ ሲሊንደሩን አዘንብለው እያሽከረከሩ አመጡት። ሲሚንቶው ላይ ሲንኳኳ የሚሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። 71። 76። 83። የኪዳን ደወል ሲደወል 88 ነበር። መሬት ላይ ተደፋሁ።

በአንድ ማስክ ሌሊቱን ያነጋሽው ነርስ፣ እግዚአብሔር ብድርሽን ይክፈልሽ። ስመላለስ ሒሳብ አልቀበልም ያልከኝ ባለ ባጃጅ፣ አንተንም ልጅ ወልደህ ለመሳም ያብቃህ።

አባቴ በ16ኛው ቀን ወጣ። ሚያዝያ 24 ፋሲካን ቤቱ ፈሰከ። ጉልበቱ እስኪመለስ ክረምቱ አለፈ።

ተአምር ተደረገልኝ ስል ድምፄ የሚሰበረው በእኚያ አዛውንት ነው። የእኔ አባት የተነፈሰው ከእሳቸው የተረፈውን ነው። የእሳቸውም ልጅ ያን ሌሊት እንደኔው ሲለምን ነበር፤ ሰምቼዋለሁ። ለምን የእኔ ተሰማ? አላውቅም። ሬሳውን ሲጭኑ ሮጬ የአባቱን የክርስትና ስም ጠየቅሁት።

በየዓመቱ መጋቢት 27 ዝክር እናወጣለን። ካህኑ ዳቦውን ሲባርኩ ሁለት ስም ይጠራሉ፤ አንዱን ለዕድሜ፣ አንዱን ለነፍስ። አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሜን የሚለው ለሁለተኛው ነው።