«ነፋሱ ከየት ነበር?»

በበረሃ ያነሳሁትን ሰፊ ፎቶግራፍ የሙከራ ኅትመት በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን በአራቱም ማዕዘን መጻሕፍት ጭነንበት ነበር። ርዝመቱ 3.5 ሜትር፣ ቁመቱ 70 ሴንቲሜትር ነው። የሙዚየሙ የጂኦሎጂ ባለሙያ ከግራ ጀምረው፣ ጎንበስ ብለው፣ ቀስ እያሉ አለፉ። ከመሐል ትንሽ ወደ ቀኝ እንደ ደረሱ ቆሙ። ጣታቸውን በአንድ የአሸዋ ሸንተረር ላይ አሳርፈው ወደ ኋላ መለሱት፤ እንደገና ወደ ፊት ወሰዱት።

«በዚያ ሰዓት ነፋሱ ከየት ነበር የሚነፍሰው?» አሉኝ።

አላወቅሁም። በዚያ በረሃ ሦስት ቀን ሰንብቻለሁ፤ አሸዋው በጥርሴ መካከል ሲንቀጫቀጭ ውሎ አድሯል። ነፋሱ ከየት እንደ መጣ ግን ልብ አላልሁም።

«ይህ ሸንተረር እንዲህ ሊታጠፍ አይችልም። እዚህ የሚታየው ነገር በረሃው ውስጥ የለም» አሉ።

የተሰጠኝ ሥራ ስለ በረሃ በሚዘጋጅ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ 180 ዲግሪ የሚሸፍን ፓኖራማ ማዘጋጀት ነበር። በአንድ ፎቶግራፍ የሚያዝ ስፋት ስላልሆነ ካሜራውን እያዞሩ በተከታታይ ማንሳትና በኋላ በኮምፒውተር አንድ ላይ መስፋት ያስፈልጋል። የመረጥነው ባርካን የሚባለውን፣ የጨረቃ ማጭድ የሚመስለውን የአሸዋ ክምር ነው። በቅርብ፣ ከእግራችን ሥር፣ ነፋስ የሚሠራቸው ጥቃቅን የአሸዋ ሞገዶች አሉ፤ ከእነሱ አልፎ ሸንተረሩ እየተጠማዘዘ ወደ ሩቅ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ቦታ ሳገኝ እስከ ዛሬ ልቤ ይመታል።

በእኩለ ቀን ማንሳት አልፈለግሁም። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን አሸዋ እንደ ተዘረጋ አንሶላ ነው፤ ጥላ የለውም፣ ቅርጹ ይጠፋል። የሚሰፋው ሶፍትዌርም ቢሆን የሚይዘው ምልክት ያጣል። ፀሐይዋ ከአድማስ 5 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስትል ግን የማንኛውም ነገር ጥላ የቁመቱን 11 እጥፍ ያህል ይረዝማል፤ አንድ ሴንቲሜትር የማይሞላ የአሸዋ ሞገድ እንኳ ከርቀት ይታያል። ስለዚህ ምሽቱን ጠበቅሁ። ያን ዕለት መኪናችን አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሮ ስለ ነበር ከቦታው የደረስነው ጊዜው ሊያልቅ ሲል ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ በጥድፊያ አደረግሁ። 50 ሚሊሜትር ሌንስ በካሜራው ላይ ነበር። ካሜራው በቁመቱ ሆኖ ሲያነሳ አንዱ ፍሬም፣ ማለትም አንዱ ነጠላ ፎቶግራፍ፣ በወርድ 27 ዲግሪ ያህል ይይዛል። ጎረቤት ፍሬሞች ቢያንስ አንድ ሦስተኛ እንዲደራረቡ ከተፈለገ ለ180 ዲግሪ አሥር ፍሬም ያስፈልጋል። እኔ በስምንት ጨረስሁት። መደራረቡ ከአንድ አምስተኛ በታች ወረደ፤ በወቅቱ ግን ብርሃኑን ያተረፍሁ መስሎኝ ነበር።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። ካሜራው በቁመቱ እንዲሆን በመቆሚያው ራስ ላይ በጎኑ አጋድሜ ነው ያዞርሁት። አንድ ዐይንዎን ጨፍነው አውራ ጣትዎን ከፊትዎ ያቁሙና ራስዎን ግራና ቀኝ ያወዛውዙ፤ ጣትዎ ከበስተኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ቦታ ሲቀያይር ያያሉ። ፓራላክስ የሚባለው ይህ ነው። ካሜራም ሲዞር የሌንሱ ዐይን፣ ብርሃን የሚገባበት ነጥብ፣ በትክክል በመሽከርከሪያው ዘንግ ላይ ካልሆነ እንዲሁ ይሆናል። የእኔ ሌንስ ከዘንጉ 10 ሴንቲሜትር ያህል ወጣ ብሎ ነበር። በእያንዳንዱ 22 ዲግሪ ዙር ዐይኑ ወደ 4 ሴንቲሜትር ይጓዛል ማለት ነው። 200 ሜትር ለራቀ ክምር 4 ሴንቲሜትር ምንም አይደለም። ከፊት ለፊቴ የነበሩት ሞገዶች ግን እርስ በርስ የሚራራቁት 10 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ስለ ነበር፣ የሞገዱ ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ወደ ቢሮ ተመልሼ ስምንቱን ፍሬሞች ለሶፍትዌሩ ሰጠሁት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አንድ መስመር የማይታይበት ሥዕል መለሰልኝ። ስፌቱን ፍለጋ እያጎላሁ ተመለከትሁ፤ አልነበረም። ያን ምሽት ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

እነዚህ ሶፍትዌሮች እንዴት እንደሚሠሩ አውቅ ነበር። በየፎቶግራፉ ውስጥ ጎላ ያሉ ነጥቦችን ይለያሉ፤ በአንደኛው ያለውን ነጥብ በሌላኛው ካለው ጋር ያገናኛሉ፤ ከብዙኃኑ ጋር የማይስማማውን ይጥላሉ። ማት ብራውንና ዴቪድ ሎው እ.ኤ.አ. በ2003 ይህ ሥራ የሰው እጅ ሳይገባበት ሊከናወን እንደሚችል ካሳዩ ወዲህ እኛ ፎቶግራፍ አንሺዎች ብዙ ሸክም ቀሎልናል። ለከተማና ለተራራ እጅግ ይሠራል፤ አንዱ መስኮት ከሌላው፣ አንዱ ቋጥኝ ከሌላው ይለያል። የአሸዋ ሞገድ ግን አንዱ የሌላው መንትያ ነው። ሶፍትዌሩ ያገናኘው አንዱን ሞገድ ከጎረቤቱ ጋር ነበር። የተሳሳቱት ነጥቦች ደግሞ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ መጠን ስለ ተሳሳቱ እርስ በርስ ተስማሙ፤ የስሕተቱም ቁጥር ዝቅ ብሎ ታየ። ክፍተት ሲገጥመው ሥዕሉን ሳብ አድርጎ አጣመመው፤ ከዚያም ቀለሙን አዋሕዶ ሸፈነው። በዓለም ላይ ያልነበረ የሸንተረር እጥፋት የተፈጠረው እንዲህ ነው።

ለባለሙያዋ የመጀመሪያ መልሴ መከላከል ነበር፤ አራቱ ማዕዘን ሁሉ ተፈትሿል አልኋቸው። እሳቸው አልተቆጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ከወረቀት ጠርዝ ላይ ባርካን ሣሉልኝ። ነፋስ የሚመታው ጎን ለዘብ ያለ አቀበት ነው። በሌላው በኩል አሸዋው ከጫፍ እየወደቀ የሚንሸራተትበት ቁልቁለት አለ፤ ከ33 ዲግሪ አካባቢ አልፎ ሊቆም ስለማይችል ይናዳል። ሁለቱ ቀንዶች ምንጊዜም ነፋሱ ወደሚሄድበት ይጠቁማሉ። ጥቃቅኖቹ ሞገዶች ደግሞ ነፋሱን አግድም ያቋርጣሉ። «እርስዎ ሥዕል ላይ» አሉ ጣታቸውን መልሰው፣ «ቀንዱ ነፋሱ ከግራ ነው ይላል፤ ከሥሩ ያሉት ሞገዶች ግን በድንገት ይሰበሩና ሌላ ይናገራሉ። ቀጥሎ ሸንተረሩ ነፋሱን ተቃውሞ ይታጠፋል።»

ከዚያ በኋላ አላየሁም ለማለት አልቻልሁም። ያልተሰፉትን ስምንት ፍሬሞች አመጣሁና ጎን ለጎን ደረደርናቸው። አምስተኛውና ስድስተኛው ላይ ሸንተረሩ ያለ ምንም እጥፋት ይሄዳል።

ለማረም ሁለት ቀን ደከምሁ። የተሳሳቱትን ነጥቦች አንድ በአንድ ሰርዤ በእጄ ሌላ ተከልሁ። የሩቁ ክምር ተስተካከለ። የቅርቡ አሸዋ ግን እምቢ አለ፤ ሁለቱ ፍሬሞች የሚጋሩት ከ4000 ፒክስል ወርድ 700 ያህሉን ብቻ ነው፤ በዚያም ላይ ሁለቱ ያዩት ከተለያየ ቦታ ሆነው ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሞገዶቹን ከሌላ ቦታ ቀድቼ በላዩ ላይ እንድለጥፍ መከረኝ፤ ማንም አያውቅም አለ። እውነቱን ነው፣ ከሺህ ተመልካች አንድ ላያውቅ ይችላል። ነገር ግን ያ ግድግዳ የተሠራው በረሃ አይቶ የማያውቅ ልጅ ነፋስና አሸዋ እንዴት እንደሚነጋገሩ እንዲማርበት ነው። ያን ልጅ በሌለ አሸዋ ላስተምረው አልፈለግሁም። ኅትመቱ እንዲዘገይ ጠይቄ ተመለስሁ።

በዘጠነኛው ቀን ያው ክምር ፊት ቆምሁ። ሞገዶቹ አዲስ ነበሩ፤ የቀድሞዎቹን ነፋስ ጠርጓቸዋል። በዚህ ጊዜ ሦስት ሰዓት ቀድሜ ደርሻለሁ። ካሜራውን ወደ ኋላና ወደ ፊት በሚንሸራተት ሐዲድ ላይ አቁሜ፣ አንድ ቀጭን ዱላ በቅርብ፣ አንድ በሩቅ ተከልሁ። ካሜራው ሲዞር ሁለቱ ዱላዎች አንዱ ከሌላው ኋላ ተደብቆ እስኪቀር ድረስ ሐዲዱን አንሸራተትሁ። ቦታው ሲገኝ በነጭ ቀለም ምልክት አደረግሁበት፤ ያ ምልክት ዛሬም አለ። ዱላዎቹን ነቅዬ በመጣሁበት ዱካ ላይ እየረገጥሁ ተመለስሁ፤ በአሸዋ ላይ የእግር ዱካ አንድ ጊዜ ከገባ ነፋስ እንጂ ሰው አያጠፋውም።

የብርሃኑን መጠንና የቀለም ሚዛኑን በእጅ ቆለፍሁ። ሰማዩን የሚያጠቁረውን ፖላራይዘር ማጣሪያ ከሌንሱ ላይ አወለቅሁ፤ በሰፊ ፓኖራማ ሰማዩን እኩል ስለማያጠቁር መሐል ላይ ጥቁር ጥላ ይተዋል። ከዚያ በግማሽ እየተደራረቡ 13 ፍሬሞች በሁለት ደቂቃ አነሳሁ። በሁለት ደቂቃ ፀሐይ የምትጓዘው ግማሽ ዲግሪ ነው፤ ጥላው አልከዳኝም። ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ በማርስ ላይ ከ1000 በላይ ፎቶግራፎች ተሰፍተው 1.8 ቢሊዮን ፒክስል የወጣውን ፓኖራማ ስታነሳ አራት ቀን ፈጅቶባታል። መሐንዲሶቹ ብርሃኑ እንዲመሳሰል ብለው በየቀኑ ከእኩለ ቀን እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ያነሱ ነበር። እኔ ያን ያህል ትዕግሥት የሚሰጥ ብርሃን አልመረጥሁም፤ የመረጥሁት ምሽት ፍጥነት ይጠይቃል፤ ፍጥነቱ ደግሞ የሚገኘው አስቀድሞ ከተዘጋጁ ብቻ ነው።

በመጨረሻም በሰፊ ሌንስ መላውን ትዕይንት በአንድ ፍሬም አነሳሁ። ጥራቱ ለግድግዳ አይሆንም፤ ከተሰፋው ጋር ለማመሳከር ግን ምስክር ነው። በመቆሚያው እግር ላይ ያሠርሁት ቁራጭ ጨርቅ ወደ ምሥራቅ ይውለበለብ ነበር፤ በማስታወሻዬ ጻፍሁት።

አዲሱን የሙከራ ኅትመት ስንዘረጋ ባለሙያዋ እንደ ቀድሞው ከግራ ጀመሩ። ጣታቸው ሸንተረሩን ተከትሎ ሳይቆም እስከ ቀንዱ ጫፍ ሄደ። ቀና ብለው «ነፋሱስ?» አሉኝ።

«ከምዕራብ» አልኋቸው።

ራሳቸውን ነቅንቀው መጻሕፍቱን ከማዕዘኖቹ ላይ ማንሳት ጀመሩ።